ሽኮኮዋ አስገዛችኝ፣ «ሚስቲ» አስቀረኝ፦ የሬይ ስቲቨንስ ምርጥ ስብስብ

ሲጀመር ይሄን ስብስብ የገዛሁት ለአንድ ዘፈን ብዬ ነው። ጓደኛዬ መኪና ውስጥ «እስቲ ይቺን ስማ» ብሎ ከፈተልኝና ገና ግማሹ ላይ ስንደርስ እሱ በሳቅ መንዳት አቅቶት ዳር ይዞ ቆመ፣ እኔ ደሞ እንባዬን እየጠረግኩ «ቆይ ቆይ ከመጀመሪያው ድገማት» እላለሁ። ሽኮኮ ቤተክርስቲያን ውስጥ የምታመልጥበት ዘፈን ናት፣ እመጣባታለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ዘፋኙ ማነው ብዬ ስፈልግ ሬይ ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ጆርጂያ ውስጥ የተወለደ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ሲያስቅ የኖረ። ሙሉ አልበም ለአንድ ዘፈን ከምገዛ ምርጥ ምርጡን የሰበሰበውን ልውሰድ አልኩና ወሰድኩ። አሁን ስሰማው ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፣ እና የገረመኝ ነገር ሽኮኮዋን እምብዛም አልከፍታትም። በየቀኑ የምከፍተው ምንም የማያስቅ ዘፈን ነው።

ለማያውቀው ሰው ልንገር፣ ሬይ ስቲቨንስ ሁለት ሰው ነው። አንዱ በድምፁ ዝንጀሮም ግመልም ሴትም የሚሆን፣ ስቱዲዮ ገብቶ የሚያሾፍ ፎጋሪ ነው፤ ሌላው ኮሌጅ ውስጥ ሙዚቃ የተማረ፣ የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ከተማ በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ለሰው ሲያቀናብርና ሲያጅብ የኖረ፣ ክራቫቱን አስሮ ለስለስ ያለ ዘፈን የሚዘፍን ሰውዬ። ምርጥ ስብስብ ሲሰራለት ታዲያ ሁለቱንም አንድ ሲዲ ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ እዚህ ላይ ነው ጣጣው። እኔ ጋ ያለው ላይ ሕፃናት በመዘምራን የሚጀምሩት ሰላማዊ ዘፈን አልቆ ገና ልብህ ረጋ ሳይል፣ ወዲያው ጋዜጠኛ እየጮኸ ራቁቱን የሚሮጥ ሰው ዜና ይዞ ይመጣል። ማን ነው እንዲህ የደረደረው? ከለቅሶ ቤት ወጥተህ ያለ እረፍት ሰርግ ቤት እንደመግባት ነው። በሹፍል፣ ማለት ዘፈኖቹን አደባልቆ፣ የሚሰማ ሰው ላይታወቀው ይችላል፣ በተራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሚሰማ እንደኔ ላለው ግን ያስቸግራል።

እሺ ሽኮኮዋ። «ሚሲሲፒ ስኩረል ሪቫይቫል» ትባላለች፣ 1984 ላይ የወጣ አልበሙ ላይ ያለች ናት። ተራኪው ትንሽ ልጅ እያለ አያቱ ጋ ሚሲሲፒ ውስጥ ፓስካጉላ የምትባል ከተማ ሄዶ ሽኮኮ ይይዝና በጫማ ካርቶን አድርጎ እሁድ ቤተክርስቲያን ይዟት ይገባል፣ ለጓደኛው ሊያሳይ። አመለጠች። ከዛ አንዱ ምእመን ቱታ ውስጥ ትገባለች፣ ሰውዬው ብድግ ብሎ ሲዘል ሲንፈራገጥ ጉባኤው ግማሹ መንፈስ የወረደበት መሰለው ግማሹ ደሞ ጋኔን የያዘው። እስከዚህ ድረስ ተራ ቀልድ ነው፣ ማንም ይሰራዋል። ብልሃቱ ያለው ሽኮኮዋ ከሱ ወጥታ ወደ አንዲት ሴትዮ ስትሄድ ነው፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ሁሉን ሰው የምትኮንን፣ ስሟ ራሱ ሲስተር በርታ ቤተር-ዛን-ዩ፣ «ካንቺ እሻላለሁ» እንደማለት። (በርታ የሚለው ስም ለኛ ጆሮ ደሞ ሌላ ነው፣ ሴትዮዋ ልብሷ ውስጥ ሽኮኮ እየሮጠች «በርታ! በርታ!» ሲባል አስቡት፣ እኔ ብቻዬን የምስቅባት ቦታ ናት።) ሴትዮዋ የእግዜር ቅጣት ነው ብላ ኃጢአቷን መዘርዘር ትጀምራለች፣ መዘርዘር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ከማን ጋር እንደሆነ ስም መጥራት ጀመረች። ወዲያው ሰባት ዲያቆንና ፓስተሩ ንስሐ ገቡ፣ 25,000 ዶላር መዋጮ ተሰበሰበ፣ ሃምሳ ሰው ኮንጎ ለሚስዮን ልሂድ ብሎ ተመዘገበ።

ይቺ ዘፈን ለምን እንደማታረጅ ብዙ አሰብኩ። ሽኮኮዋን ብትረሷት እንኳ ሴትዮዋ አትረሳም፣ ሁላችንም እናውቃታለና። ጉባኤ ያለበት አገር ሁሉ ፊት ወንበር ላይ አንዲት በርታ አለች። ደሞ ሬይ አይቸኩልም፣ እንደ ጥሩ አውጊ ነው የሚተርከው፣ ዝም የሚልበትን ያውቃል፣ ሰዎቹ መጮህ ሲጀምሩ ደሞ ሙዚቃው ከኋላ እንደ እውነተኛ የመዝሙር ባንድ ሞቅ ይላል። ግጥሙን የጻፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው፣ አተራረኩ ግን የሱ ነው።

የስልክ ዘፈኖቹም አሉ። «ሽራይነርስ ኮንቬንሽን» 1980 የወጣ ነው፣ አንድ የማኅበር አባል ጓደኛውን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ በስልክ ሲቆጣው የምንሰማው የአንዱን ድምፅ ብቻ ነው፣ የወዲያኛው ሰው ምን እንዳለ ከቁጣው እየገመትን። ስብሰባው የሽራይነርስ ነው፣ ትልቅ ክብር ያለው፣ ቆብና ማዕረግ ያለው ማኅበር፣ ጓደኛው ደሞ ትልቅ ሞተር ሳይክል ይዞ የመጣ ጉድ። አንድ ቦታ ላይ ተቆጪው ሰውዬ ቁጣውን ረስቶት በእውነተኛ ጉጉት «ቆይ ግን ያንን የሚያክል ሞተር መዋኛው ላይ ካለው ከፍተኛ መዝለያ ላይ እንዴት አወጣኸው?» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ያቺ ጥያቄ ላይ ነው የሞትኩት። ሰውዬው የተናደደው ስላልተጋበዘ ነው ማለት ነው! እንዲህ ያለ ነገር ለመስራት ኮሜዲያን መሆን ብቻ አይበቃም፣ ተዋናይ መሆን ያስፈልጋል።

«ኢትስ ሚ አጌን ማርጋሬት» ላይ ግን ሐሳቤ ሁለት ነው። አንዲት ሴትዮ ጋ እየደወለ የሚያስቸግር ወራዳ ሰው ታሪክ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፖሊስ ይይዘውና አንድ ስልክ የመደወል መብት አለህ ሲባል የሚደውለው ወደዛችው ሴትዮ ነው። መዝጊያዋ በጣም ጎበዝ ናት፣ አልክድም። ግን እህቴ አብራኝ ስትሰማ ምንም አልሳቀችም፣ «ይሄ ምኑ ያስቃል፣ እኔ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ልቤ ነው የሚመታው» አለች፣ ከዛ በኋላ እኔም እንደ ድሮው መሳቅ አቃተኝ።

እንግዲህ ከሁሉም ትልቁ የተባለው «ዘ ስትሪክ» ነው፣ 1974 ላይ አሜሪካ ውስጥ ቻርት (የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ) ላይ አንደኛ ወጥቶ ሦስት ሳምንት የቆየ፣ እንግሊዝም አንደኛ የሆነ። ያኔ ልብስ አውልቆ ሕዝብ መሃል መሮጥ ፋሽን ሆኖ ነበር፣ የዛው ዓመት የኦስካር ሽልማት ላይ እንኳ አንዱ ራቁቱን ከአቅራቢው ኋላ ሮጦ አልፏል፣ እና ሬይ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ዘፈኑን አፈላው። ጋዜጠኛው ሱፐርማርኬት፣ ቤንዚን ማደያ፣ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ እየሄደ የዓይን ምስክር ያናግራል፣ ምስክሩ ሁሌም ያው አንድ ገጠሬ ሰውዬ ነው፣ ሚስቱን ኤተልን «አትዪ!» ብሎ ይጮሃል፣ እሷ ግን ሁሌም አይታለች፣ መጨረሻ ላይ ራሷም አውልቃ ትሮጣለች። መጀመሪያ ስሰማው ፈገግ አልኩ፣ ሁለተኛ ስሰማው ዝም፣ ሦስተኛ ላይ አሳለፍኩት። የተቀዳ የታዳሚ ሳቅ ደሞ ከኋላ አለው፣ እዚህ ጋ ሳቅ ተብሎ የታዘዝኩ ነው የሚመስለኝ። ትኩስ ወሬ ላይ የተሰራ ቀልድ እንደ ትኩስ እንጀራ ነው፣ በሰዓቱ ካልበሉት ይደርቃል። ዋናው ሂቱ ይሄ መሆኑ ለኔ የሚያሳዝን ነገር አለው።

«ኤሃብ ዘ ኤራብ» ላይ አልዋሽም፣ አልወደድኩትም። 1962 ነው የወጣው፣ አሜሪካ ውስጥ አምስተኛ ድረስ የወጣ የመጀመሪያ ትልቅ ስኬቱ ነው፣ አረብ ሼክ፣ ክላይድ የሚባል ግመል፣ ፋጡማ፣ መሃሉ ላይ ደሞ አረብኛ ነው ተብሎ የሚንተባተብ ነገር። ያኔ አሜሪካ ውስጥ አረብ የሚያውቀው ሰው ስንት ነበር፣ ካርቱን ነበር የሚመስላቸው። እኔ ግን አረብኛ ስሰማ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ያቺን ቦታ ስትደርስ ማሾፍ ብቻ ነው የሚሰማኝ። አንዲት ነገር ግን አሳቀችኝ፦ ፋጡማ ድንኳኗ ውስጥ ተጋድማ ፍራፍሬውን ከቸኮሌቱ ጋር እየቀላቀለች ስትበላ የናሽቪልን የካንትሪ ፕሮግራም በቲቪ ታያለች፣ ማለት በረሃው ውስጥ ያለችው ሴትዮ ከሱ መንደር ሰዎች የማትለይ ናት። እዚህ ጋ ቀልዱ ወደ ራሱ ሲዞር ጥሩ ይሆናል። «ብሪጅት ዘ ሚጀት»ንም በዚሁ እለፉት፣ በፍጥነት ተቀድቶ የቀጠነ ድምፅ ነው፣ ስሙም ዛሬ አያስኬድም፣ «ሚጀት» በጣም አጭር ሰውን የሚያንቋሽሽ ቃል ነው።

«ጊታርዛን» ይሻላል፣ 1969። ታርዛን ጫካ ውስጥ ባንድ አቋቁሞ ጄን ትዘፍናለች ዝንጀሮው ደሞ ያጅባል፣ ሁሉንም ድምፅ ራሱ ሬይ ነው የሚሰራው። ሞኝ ነገር ነው፣ ግን ሙዚቃውን ብቻ ለይታችሁ ስሙት፣ ትክክለኛ ሮክ ነው፣ ባሱ ራሱ ይጨፍራል። አንዴ ልብ ካላችሁት በኋላ ሁሉም የቀልድ ዘፈን ላይ ይሄን ትሰማላችሁ። ሌላ ፎጋሪ ቢሆን ከኋላው አንድ ኪቦርድ አስቀምጦ ይቀልዳል፣ ይሄ ሰውዬ ግን ለቀልዱ ልክ ለቁም ነገር እንደሚያቀናብረው አድርጎ ነው የሚያቀናብረው። በባንድ መሪው ግሌን ሚለር ታዋቂ ዜማ «ኢን ዘ ሙድ» ላይ ሙሉውን በዶሮ ጩኸት የሰራው አለ፣ ስምም ቀይሮ ነው ያወጣው፣ እያንዳንዷ ኳኳታ በኖታዋ ላይ ናት! ዶሮ አይደለም የሰማሁት፣ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ነው። ልጆች ካሏችሁ ይቺን ክፈቱላቸው፣ ከዛ በኋላ ግን እኔን እንዳትረግሙ።

ወደ ለስላሳዎቹ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰዎች የሚያሳልፏቸው እነዚህን ነው። «ኤቭሪቲንግ ኢዝ ቢውቲፉል» 1970 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣ ነው፣ ትልቁን የአሜሪካ ሙዚቃ ሽልማት ግራሚንም አስገኝቶለታል፣ መጀመሪያው ላይ የሚዘምሩት ሕፃናት መሃል የራሱ ሴት ልጆች አሉበት። የሰው ቆዳ ቀለምና የጸጉር ርዝመት አትዩ፣ ሁሉም በራሱ መንገድ ቆንጆ ነው የሚል መልእክት ነው። ዘመኑን ስታስቡት፣ ቬትናም አለ፣ የዘር ጉዳይ አለ፣ ገባኝ። ዛሬ ስሰማው ግን ትንሽ ስኳር በዝቶበታል፣ ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ጨምሮ እንደሚያማስል ሰው ነው። «ሚስተር ቢዝነስማን» ደሞ ተቃራኒው፣ 1968፣ ገንዘብ ሲያሳድድ ልጆቹንና ሚስቱን ሳያያቸው የሚያልፍ ነጋዴን ይገስጻል፣ ዜማው ደስ ይላል ግን ጣት መቀሰሩ በዛ። «ተርን ዩር ሬዲዮ ኦን» የድሮ መዝሙር ነው፣ ሞቅ ያለ፣ ማለዳ ላይ ጥሩ ነው፣ በቃ።

«ሰንደይ ሞርኒን ካሚን ዳውን» ላይ ግን ቆም በሉ። የክሪስ ክሪስቶፈርሰን ዘፈን ነው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው በካንትሪው ዘፋኝ በጆኒ ካሽ ነው፣ ካሽ በ1970 ካንትሪ ቻርት ላይ አንደኛ ያወጣው። ግን ከሱ በፊት በ1969 መጀመሪያ የቀዳው ይሄ የሽኮኮዋ ዘፋኝ ሬይ ነው! እኔ ይሄን ሳውቅ ዘፈኑን ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። ማታውን ጠጥቶ ያደረ ብቸኛ ሰው እሁድ ጠዋት ሲነሳ ከተማው ሁሉ ቤተሰቡ ጋ ነው፣ የሰው ቤት ምግብ ሽታ ይሸተዋል፣ ልጆች ይጫወታሉ፣ ሰውዬው መሄጃ የለውም። ካሽ ሲዘፍነው ያ ወፍራም ድምፁ ራሱ ብዙ የኖረ ሰው ነው። ሬይ ግን ለስለስ አድርጎ፣ ጸጉሩን አበጥሮ እንደወጣ ሰው ነው የዘፈነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ካሽ ይበልጠዋል። ይሁን እንጂ ሀዘኑን ተሸክሞ የሚያስመስል አይደለም፣ ከመጀመሪያ ጀምሮ ቁም ነገርም የሚችል ሰው እንደነበር ያሳያል።

አሁን «ሚስቲ»። ዋናው የኤሮል ጋርነር የጃዝ ፒያኖ ዜማ ነው፣ 1950ዎቹ ውስጥ የተሰራ፣ ጆኒ ማቲስ በዝግታ በቫዮሊን ጭምር ዘፍኖት ዓለም ያወቀው። ቀስ ያለ፣ ጭጋጋማ፣ ሻማ የበራበት ዓይነት ዘፈን ነው። ሬይ በ1975 ምን አደረገው መሰላችሁ፣ ባንጆ የሚባለውን የገጠር ሙዚቃ ክራር መሳይ መሣሪያ አስገባበት! ፍጥነቱን ጨመረ፣ ፊድል (የካንትሪ ቫዮሊን) አስገባ፣ ስቲል ጊታሩ ደሞ እንደ ዘይት ያንሸራትታል። በወረቀት ላይ ይሄ ቀልድ ነው፣ ሽኮኮ የሚያመልጠው ሰው ጃዝን ሊያሾፍበት የገባ ነው የሚመስለው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሰማው መቼ ነው የሚያሾፈው ብዬ ጠበቅኩ፣ ባንጆው እየተንቀጫቀጨ ሲሮጥ አሁን፣ አሁን ይመጣል እያልኩ፣ አልመጣም። ሰውዬው የምሩን ነው። ከፍ ያለውን ኖታ ሲይዘው ባንዱ ከታች እየሮጠ እሱ ከላይ ረጋ ብሎ ይንሳፈፋል፣ እና ፍቅር የያዘው ሰው ልብ ልክ እንደዛ ነው የሚመታው፣ አእምሮው ቀስ ብሎ ልቡ እየሮጠ። ጃዙን ቅጂ ስሰማ ፍቅር የያዘው ሰው ተቀምጦ ነው፣ ይሄኛው ላይ እየሮጠ ወደሷ እየሄደ ነው። የግራሚ ሽልማት ያገኘበትም ዘርፍ የቅንብር ነው፣ የዘፈን ወይ የቀልድ አይደለም፣ ይገባዋል። እኔ ማታ ሥራ ጨርሼ ስወጣ ይቺን ነው የምከፍተው፣ ሦስት ደቂቃ አትሞላም፣ እስክደርስ አራት ጊዜ ትዞራለች።

ለዚህ ነው ስብስቡን አንድ ላይ መስማቱ የሚጠቅመው። «ሚስቲ»ን ከሰማችሁ በኋላ ወደ ሽኮኮዋ ተመለሱ፣ ቀልዱን የያዘው ያው አቀናባሪ መሆኑ ይገባችኋል። ሽኮኮዋ ስትሮጥ ሙዚቃውም ይሮጣል፣ ሴትዮዋ ስትናዘዝ ይረጋል፣ የስልኩ ዘፈን ላይ ሰውዬው ዝም ሲል ከበሮውም ዝም ይላል። ድርደራው ግን ይሄን አያሳያችሁም፣ ያራርቃቸዋል።

ሊገዛ ላሰበ ሰው አንድ ከባድ ነገር ልንገር፣ እኔ ተሸውጄበታለሁና። ይሄ ሰውዬ በረጅም ዕድሜው ከብዙ ኩባንያ ጋር ሰርቷል፣ ሜርኩሪ፣ ሞኑመንት፣ የአንዲ ዊሊያምስ ባርናቢ፣ ዋርነር፣ አርሲኤ፣ ኤምሲኤ፣ ከርብ፣ እና ኩባንያ በቀየረ ቁጥር አንዳንድ ሂቶቹን እንደገና ቀርጿቸዋል፣ «ኤሃብ»ን ለምሳሌ ገና በ1969 ለሌላ አልበም ደግሞ ሰርቶታል። ስለዚህ «ምርጥ» የሚል ስም ያለው ስብስብ ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ግማሹ ላይ ያለው ግን በኋላ የተቀዳው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ከአንድ ኦንላይን ሱቅ በርካሽ ገዝቼ ስከፍተው ድምፁ የተለየ ነው፣ ከበሮው የፕላስቲክ ሳጥን የሚመታ ይመስላል፣ ሰውዬው ያረጀ ነው። ሽፋኑ ላይ ግን የወጣትነት ፎቶው ነው ያለው። መልሱልኝ ብዬ ብጽፍ «የከፈትከው አይመለስም» አሉኝ። ሳይከፈት እንዴት ነው የሚታወቀው? ሁለተኛውን ስገዛ የእያንዳንዱን ዘፈን ናሙና ደቂቃ በደቂቃ ሰማሁ፣ ከመጀመሪያው የወጣው ጋር አነጻጸርኩ፣ ከዛ ነው የከፈልኩት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ ቢያንስ «ሚስቲ»ን እና «ጊታርዛን»ን ፈትሹ፣ እነሱ ዋናው ከሆኑ ሌላውም ዋናው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መጽሔቱ ደሞ፣ ማለት ሲዲው ውስጥ ያለችው ወረቀት፣ የትኛው መቼ እንደተቀዳ፣ ማን ምን እንደተጫወተ አትልም። እንዲህ ሙዚቃው ላይ ለሚጨነቅ ሰው ባንጆውን ማን እንደመታው አለመጻፍ ነውር ነው፣ በቃ ነውር።

ቁጥር ስጥ ካላችሁኝ ከ10 ሰባት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለድርደራው ነው፣ አንዱን ለ«ኤሃብ»፣ አንዱን ለወረቀቷ። ለመሳቅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ሽኮኮዋንና ሞተር ሳይክሉን ለብቻ ግዙና ገንዘባችሁን አትርፉ፣ አልቀየማችሁም።

ባለፈው ሳምንት ያ ሽኮኮዋን ያሰማኝ ጓደኛዬ መኪናዬ ውስጥ ገባና «ሚስቲ»ን ከፈትኩለት። ባንጆው ሲጀምር ሊስቅ ተዘጋጅቶ ወደኔ ዞረ፣ ጠበቀ፣ አሁንም ጠበቀ፣ ዘፈኑ አለቀ። «ቀልዱ የታለ?» አለኝ። የለም አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆይቶ እጁን ዘርግቶ ራሱ ደገመው።